«የኋላ ፍሬን ተቆለፈ» ስለሚለው ትርጕም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተመለሱ በሚቀርቡ የመኪና ጥገና ጽሑፎች ውስጥ አንድ ግስ ከዐቅሙ በላይ ተጭኖበታል፤ ይኸውም «ቆለፈ» ነው። ለአብነት ያህል «የኋላ ፍሬኖች ከተቆለፉ የፍሬን ሸራውን ይለውጡ» የሚል ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ሰዋስዉ አልተጓደለም፤ ቃላቱም የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህን አንብቦ ወደ ሥራ የሚገባ መካኒክ የተበላሸው ምን እንደ ሆነ አይረዳም። የተረዳ ከመሰለው ደግሞ የባሰ ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል መንሥኤያቸው የተለያየ ሦስት ብልሽቶችን በአንድነት ይጠራል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማዎች መሽከርከራቸውን ትተው መኪናው ግን እየተንሸራተተ ሲሄድ ያው ቃል ይነገራል፤ እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላ ፍሬኑ አልለቅም ሲልም፣ ፔዳሉ ገና በስሱ ሲነካ ሸራው ታምቡሩን በድንገት ሲያንቀውም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ነው፤ መንሥኤውም ብዙ ጊዜ ከሸራው ውጭ ይገኛል። መኪና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ይገጠማል። በብዙ የጭነት መኪናዎችና ፒካፖች ላይ ቫልቩ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ ተያይዞ፣ ጭነት ሲበዛ ግፊቱን ይጨምራል፣ ጭነት ሲራገፍ ይቀንሳል። ቫልቩ በጭቃና በዝገት ምክንያት በሙሉ ጭነት ልክ ደርቆ ከቀረ፣ ባዶው መኪና እንደ ተጫነ ሆኖ ይያዛል። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ታጥፎ እስከ ራቤል በሚዘልቀው የመንዝና የግሼ ደጋ መንገድ፣ ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ቁልቁለት የሚወርድን ሾፌር እናስብ። የፊት ጎማዎች ቀድመው ቢቆሙ መሪው አይታዘዝም እንጂ መኪናው ፊቱን ሳያዞር ይንሸራተታል፤ የኋለኞቹ ሲቀድሙ ግን የኋላው አካል ወደ ጎን ይወረወራል፤ ጎኑ ደግሞ ገደል ነው። ለዚህ ሰው «ሸራውን ይለውጡ» የሚለው ምክር ቫልቩን እንደ ደረቀ ትቶ ወደዚያው ቁልቁለት ይመልሰዋል።

ሁለተኛውን ብልሽት የራቤል ብርድ በደንብ ያሳያል። በዝናብ ርሶ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ያደረ መኪና፣ ውርጭ ወይም ዝገት ይዞት ጧት ሸራው ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። የዛገ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የተሰበረ መላሽ ሞላ፣ ውስጡ አብጦ ዘይት የማይመልስ የፍሬን ጎማ ቱቦም ይህንኑ ያመጣሉ። ፍተሻው ቀላል ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ አልዞርም ባለው ጎማ በኩል የአየር ማውጫዋ ብሎን ስትላላ ጎማው ከዞረ፣ ግፊት ታግቶ ነበር ማለት ነው፤ አሁንም ካልዞረ ምክንያቱ በገመዱ፣ በሞላው፣ በደረቀ ሲሊንደር ወይም በተጣበቀው ሸራ ዘንድ ይፈለጋል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከአክስሉ ፓራውሊዮ ወይም ከሲሊንደሩ የፈሰሰ ዘይት ሸራውን ሲያረጥበው የሚደርስ ነው። «ሸራውን ይለውጡ» የሚለው ከሦስቱ በደንብ የሚስማማው ለዚህ ነው፤ እርሱም ማፍሰሻው ከተዘጋ በኋላ።

አሁን ወደ ግሡ እንመለስ። በአማርኛ «ቆለፈ» ቁልፍ ይሻል፤ ቆላፊም ይሻል፤ ሥራው የታሰበበት ነው። በመኪና ላይ ደግሞ ቃሉ አስቀድሞ ባለቤት አለው፤ በሩ ይቆለፋል፣ መሪውም ይቆለፋል፣ ሁለቱም ሌባን ለመከልከል ነው። እንግሊዝኛው ከቁልፍ ተነሥቶ ወደ ማንኛውም መጣበቅ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛው አብሮት አልሄደም።

ከዚህ ላይ «ያዘ» የሚለውን ብቻ ብንተክስ? «ፍሬን ያዝ!» የማይል ተሳፋሪ የለም። ነገር ግን «ፍሬኑ ይይዛል» ማለት ለአንዱ ጤና ለሌላው ሕመም ነው። እንግዲህ «ያዘ» ለትክክለኛው ሥራ ይቀመጥ። ለድንገተኛው አያያዝ «ነከሰ» ይስማማል፤ ጉጠት ብረት እንደሚነክስ ሸራም ታምቡር ይነክሳል። ላልተመለሰው «አልለቅም አለ» የሚለውን የሚያሻሽል አይገኝም። ለመጀመሪያውና ለአደገኛው ደግሞ «ጎማው ቀጥ አለ» እንላለን። «ተቆለፈ» ያልሰጠንን መቆም በአንድ ትንፋሽ ይሰጠናል፤ የቆመው ጎማው እንጂ መኪናው አለመሆኑም በባለቤቱ ይለያል። እንግሊዝኛው ኤ.ቢ.ኤስ. ብሎ የሚያሳጥረው፣ ቦሽ በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ መኪና ላይ ለገበያ ያበቃው መሣሪያ «ፀረ ቁልፍ» ቢባል የሌባ መሣሪያ ያስመስለዋል፤ «ጎማ ቀጥ እንዳይል የሚጠብቅ ፍሬን» ቢባል ረዘመ እንጂ አልተሳሳተም።

«ፍሬን» ራሱ ባዕድ ስለሆነ በ«ልጓም» ይተካ የሚል ቢኖር፣ ጣሊያንኛውም ፈረንሳይኛውም ከላቲኑ «ፍሬኑም» እንደ መጡና ትርጕሙም የፈረስ ልጓም እንደ ሆነ ያስታውስ። «ልጓም»ም ቢሆን ከዐረብኛው «ልጃም» ጋር ዝምድና አለው። ክሪክ፣ ሞላና ፓራውሊዮ ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዡ ውስጥ አማርኛ ሆነዋል። ያጠፋን የተዋስነው ስም ሳይሆን ያለ ዋስትና የተረጐምነው ግስ ነው።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚቀረው ችግር የቦታ ነው። «ቀጥ አለ»ን የመሰሉ ከ«አለ» ጋር የሚነገሩ ቃላት በ«ቀጥ» ሥር «የተቃና» ከሚለው ፍች ጀርባ ይደበቃሉ። ለሙያ ቃል ሲሆኑ የራሳቸው መግቢያ ይሰጣቸው፤ ስማቸውም «ቀጥ ማለት» ተብሎ ይመዝገብ፤ «ቆለፈ» በሚለው መግቢያ ደግሞ ስለ ጎማ ሲነገር ወደዚያ የሚመራ ምልክት ይደረግ።