ሀገርን ደስ ያሰኝ የሚል ሳንቲም

«አክሱም ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ ነበረች» የምትለዋን ፖስት ያላየ የለም። አባባሏ የመጣችው በ3ኛው መቶ ዘመን ከኖረው ከማኒ ትምህርት ነው፤ አክሱምን ከሮምና ከፋርስ ጎን ይጠራታል። ማንም የማይጠይቀው ግን ያኔ ሮም ራሷ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረች ነው። በ260 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌሪያን በፋርሱ ሻፑር ተማረከ። ጎል በምዕራብ፣ ፓልሚራ በምሥራቅ አፈነገጡ። ወታደሩ ቄሳር ይሾማል፣ ይገድላል፤ ለወታደሩ ደመወዝ ደግሞ የብር ሳንቲሙ ውስጥ መዳብ ይጨመራል። በ270 ገደማ «ብር» በተባለው ሳንቲም ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ብር አልነበረም።

አክሱም የራሷን ሳንቲም መምታት የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን።

ስቱዋርት መንሮ-ሄይ በ1991 ያሳተመው የአክሱም መጽሐፍ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። በየገዳሙ ያሉት የነገሥታት ዝርዝሮችና ሳንቲሞቹ አይገጥሙም፤ እሱ የሚያምነው ሳንቲሙን ነው። ወርቁ ላይ በብዛት ግሪክኛ አለ፣ ለውጭ ነጋዴ ነዋ። የመን ውስጥ በተገኘ አንድ ድብቅ ክምችት ከ300 በላይ የአክሱም ወርቆች ከሮም ወርቅ ጋር ተቀላቅለው ወጥተዋል። መዳቡ ደግሞ የአገር ቤት መገበያያ ነው፤ ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አንዳንዱ ላይ «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፎበታል። አንድ መንግሥት በዝርዝር ሳንቲም ላይ ሕዝቡን ሲያባብል ማየት፣ ለኔ ከሐውልቶቹ ሁሉ ይበልጣል።

ቅር የሚለኝ አደረጃጀቱ ነው። ሳንቲም ለብቻው ምዕራፍ፣ ጦርነት ለብቻው፣ ውድቀት መጨረሻ ላይ። ውድቀቱ ጋ ሲደርስ አፈር ተራቆተ፣ ደን ተመናመነ፣ የቀይ ባሕር ንግድ ከእጅ ወጣ ይላል። እሺ፣ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ካሌብ በ525 አካባቢ ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ወጋ፤ አሸነፈ። ከዚያ እዚያው የቀረው ጦር አመጸ፣ አብርሃ ነገሠ። ፕሮኮፒየስ እንደሚለው ካሌብ እሱን እንዲቀጣ የላከው 3,000 ጦር ራሱ ከድቶ ከአብርሃ ጋር ሆነ፤ ሁለተኛው ጦር ተሸንፎ ተመለሰ። ከካሌብ በኋላ በነገሡት ሳንቲም ላይ ደግሞ የወርቁ ጥራት በግልጽ ይወርዳል። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንዱ ሌላውን አመጣው ወይ?» ብሎ የሚጨቃጨቅ ምዕራፍ ፈልጌ አጣሁ። ሞጁሎቹ በየራሳቸው ይሠራሉ፤ እርስ በርስ ግን አይጠራሩም።

እኛ ጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ላፍቶ ውስጥ ዘይት የሚገዛ ሰው ጦርነቱን፣ ምንዛሪውንና የዘይቱን ዋጋ በየምዕራፉ ለይቶ አይኖራቸውም። የ6ኛው መቶ ዘመን የአዱሊስ ነጋዴም እንደዚያው የኖረ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ግን ይነበብ፣ በተለይ ሥዕሎቹ። አንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ብቻ፣ ስስ ወርቅ ተለብጧል። ይህን ሥራ ሌላ አገር በዚያ ዘመን እንዲህ አልሠራውም። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነው የአርማሕ የወርቅ ሳንቲም እስካሁን አልተገኘም፤ ብርና መዳብ ብቻ ነው ያለው። መዳቡ ላይ ለሕዝቡ ደስታን የሚመኝ የግዕዝ ጽሑፍ አለ።