የሚዋሽ ተራኪና የማይታለል ተመልካች

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ እንደ ማንኛውም የገጠር ገበያ ሁሉ፣ ሻጭ የበሬውን ጉልበት ያጋንናል፤ ገዢ ያንኑ በሬ ያጣጥላል። ሁለቱም ሙሉውን እውነት አይናገሩም። ይሁን እንጂ በሬው በመካከላቸው ቆሟልና ዳር ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው አይታለልም። የማይታመን ተራኪን ወደ መድረክ ወይም ወደ ፊልም ለማምጣት የሚሻ ጸሐፊ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባውም ይኸንኑ ነው፤ ተራኪው ሲዋሽ ተመልካቹ የሚያየው በሬ የት አለ?

ለአገሩ ታዳሚ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ አንዱን ድርጊት በየፊናቸው ይተርኩ ነበር፤ ሸንጎው ከቃሉ ባሻገር የተናጋሪውን ሁኔታ ይመዝን ነበር። ቅኔም ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንዲፈልግ አድማጩን አሠልጥኗል።

በልቦለድ አንባቢ ከተራኪው ቃል ሌላ መያዣ የለውም። በመድረክ ግን ተራኪው ሥጋ ለብሶ ይቆማል፤ «አልፈራሁም» የሚል ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ በራሱ ላይ ይመሰክራል። ከሁሉ የሚከብደው ፊልም ነው፤ ተመልካች በዓይኑ ያየውን ምስል እንደ ማስረጃ ይቀበላልና። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1950 እ.ኤ.አ. በወጣው «የመድረክ ፍርሃት» የገዳዩን ሐሰተኛ ቃል እንደ ተፈጸመ ድርጊት አድርጎ ቢያሳይ ብዙ ተመልካች ተከፋበት፤ እሱም ኋላ ስሕተቱን አመነ።

የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መሬቱን የተነጠቀው ከበበ እንደ እብድ ይቆጠራል፤ የባላባቱን ግፍ በግልጽ የሚናገረው ግን እሱ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ባገኘው «ጤዛ» ደግሞ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ትዝታው የተቆራረጠ ነው፤ እግሩን ያሳጣው የዘረኞች ጥቃት የሚገለጸው ዘግይቶ ነው። ምስጢሩ የቆየው በደራሲው ተንኮል ሳይሆን የባለታሪኩ አእምሮ ሊሸከመው ስላልቻለ ነው። የጎደለው እግር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተመልካቹ ፊት አለ። እርግጥ ነው፣ በፊልሙ መግቢያ ሕልምና ትዝታ እጅግ ስለሚደራረቡ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል፤ ይህ እንከን ነው።

ጉዳዩ የብልሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ተራኪ የዘመቻ ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ እንዲያውጅ የታዘዘውና በዓይኑ የሚያየው ይጋጫሉ። መጽሐፉ ከገበያ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። የተነገረውን ሁሉ እንዲያምን ለሚጠየቅ ሕዝብ ቃልን ከድርጊት ጋር ማመዛዘን የህልውና ጥያቄ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ስለዚህ መረጃ ደብቆ በመጨረሻው ትዕይንት ተመልካቹን ማስደንገጥ ጥበብ ሊባል አይገባም። ገጸ ባሕርዩ ይዋሽ፤ ደራሲው ግን በሬውን ከገበያው አያውጣ።