የሴት ሕመም ወይስ የወንድ ፉከራ፤ ስለ ዛር በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ዛር የተጻፉት ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ባለዛሮቹ ስለምን ሴቶች በዙ ከሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም የሴትን ጠባይ አስቀድሞ እንደ ታወቀ አድርጎ ይወስዳል፤ ይህንንም ዕውቀት ያበደረው ሕክምና ነው።

የአውሮጳ ሐኪሞች ለሴት የሰጡት የሕመም ስም ሂስቴሪያ ሲሆን፥ ቃሉ ማሕፀን ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በፓሪሱ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ሻርኮ ወንዶችም በዚሁ ሕመም እንደሚያዙ አስተምሯል፤ ይሁን እንጂ በተመልካች ፊት እየቀረቡ የታወቁት ሴቶቹ ናቸው። ንግግራቸው እንደ ሕመም ምልክት ተመዘገበ፤ «ታስመስላለች» የሚለው ጥርጣሬም አልተለያቸውም።

ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር፥ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት፥ ከታወቀችው ባለዛር ከመልካም አየሁ ቤት እየተመላለሰ የሰበሰበው ማስረጃ ከዚህ የተሻለ ነው። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚታየው፥ ዛር የወረደባት ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች። ፈረሱ ሴት፥ ጋላቢው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። መልካም አየሁ ራስዋ አንድ ጊዜ አባ ዮሴፍ፥ ሌላ ጊዜ ጫንቂት የተባለች ባሪያ ትሆን ነበር። ዛሩ ሲወርድ ጉሪው ይመጣል፤ ከጉሪውም ጋራ ፉከራው። ፉከራ ግን በልማድ የጦረኛ ወንድ ወግ ነው። በአማርኛ «እኔ» የሚለው ቃል ጾታ የለውም፤ ተናጋሪዋን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ መለየት የሚገደደው፥ በ«እርስዎ» ካላለፈው በቀር፥ የሚመልሰው ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የፈረሱን ጾታ የሚወስነው አካልዋ ብቻ ሳይሆን ሰሚውም ነው።

ሌሪስ ይህን ሁሉ ካቀረበ በኋላ ሥርዓቱን ከቴአትር ጋራ አነጻጸረ፤ የሚጫወቱት ነው ወይስ የሚኖሩት ብሎም ጠየቀ። ጥያቄው ብልሃት አያጣውም፤ ነገር ግን የሳልፔትሪየሩ ጥርጣሬ በለሰለሰ ቋንቋ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። የሚፎክረውን ወታደር ከልቡ ነውን ብሎ የሚመረምረው ማን ነው?

ሳይመን ሜሲንግ በዚያው በ1958 ዛርን እንደ ማኅበር ሕክምና አየው፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ችላ የተባሉ ባለትዳሮች መሆናቸውን፥ ዝቅ ያለ ደረጃ ያላቸው ወንዶችም እንደሚገኙባቸው ገለጸ። ኢ. ኤም. ሉዊስ ደግሞ ከሶማሌ ጥናቱ ተነሥቶ በ1966 ነገሩን የተጨቆኑ ሴቶች የጐን ትግል አደረገው። ሁለቱም ለሴቲቱ ከሐኪሞቹ ይልቅ አዝነዋል። የተናገረችውን ግን ለችግርዋ ማስረጃነት ብቻ ስለ ወሰዱት፥ በፉከራው ውስጥ ያለው ወንድ ከእጃቸው አመለጠ።

ሕክምናው ራሱ በፍርዱ አልጸናም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ሂስቴሪያ የሚለውን ስም ከመዝገቡ አወጣ፤ በ1994 ዛርን በባህል ከተወሰኑ ሕመሞች ጋራ ጻፈ፤ በ2013 ደግሞ ከዝርዝሩ ተወው። በጎንደር በዚህ ምክንያት የዳነም የታመመም የለም።

ጃኒስ ቦዲ በ1989 ስለ ሰሜን ሱዳን ባሳተመችው መጽሐፍ መናፍስቱ የሚሉትን ማዳመጥ መረጠች። በዚያ ሴቶቹ የባዕድ ወንዶችን፥ የአውሮጳውያንንም ጭምር፥ ጠባይና ልብስ ይይዛሉ፤ «ሐበሽ» የሚባሉ መናፍስትም አሉ። በእርስዋ አተረጓጎም ሴቲቱ በባዕዱ ዓይን የገዛ ሴትነትዋን ከውጭ ታየዋለች። መልካም አየሁ በአባ ዮሴፍ ዓይን ምን እንዳየች ሌሪስ አልጠየቃትም።