«ሁሉም ብልቃጥ አንድ ዓይነት ነው»? ስለ እባብ መርዝ ማርከሻ የሚወራው ዜና የሚዘለው ነገር

በመተማና በአብደራፊ ቆላ የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ ብዙዎቹ የሚያድሩትም እዚያው እርሻው ላይ ነው። እፉኝትም እዚያው ናት። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን (ኤምኤስኤፍ) በአብደራፊ ከካላዛር ሕሙማን ጎን ለጎን በእባብ የተነደፉ ሰዎችን ሲያክም የቆየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አዲስ የመርዝ ማርከሻ ተገኘ ሲባል ዜናው የእኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 «ሴል» የተባለው መጽሔት ራሱን ለዓመታት በእባብ መርዝ ሲወጋ ከኖረ ሰው ደም የተገኙ አንቲቦዲዎችን (ፀረ እንግዳ አካላትን) የሚመለከት ጥናት አወጣ። ወሬው በየስልኩ ሲዞር አንድ መደምደሚያ አብሮት ይዞራል፦ ከእንግዲህ የፈረስ ደም ቀረ፤ በሴል የሚመረተው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የተማርኩት ምህንድስና ነውና እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን አይደለም።

እውነቱን እናስቀድም። ዛሬ በእጃችን ያለው ማርከሻ የሚሠራው ፈረስን ለወራት በትንሽ በትንሹ መርዝ በመውጋትና ከደሙ አንቲቦዲውን በመለየት ነው። ፈረስ ከፈረስ ይለያያል፤ መርዙም እንደ እባቡ አገር ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ዙር ምርት ከሌላው ዙር ጋር ልክ አንድ አይሆንም።

ታዲያ ሴልስ? አብዛኛው በፋብሪካ የሚመረት አንቲቦዲ የሚሠራው ሀምስተር ከተባለች የአይጥ ዘመድ በተገኙ ሴሎች ነው። ሴሎቹ ሺህ ሊትሮች በሚይዝ ጋን ውስጥ ስኳር እየበሉ፣ ኦክስጅን እየሳቡ ይኖራሉ። ሕያው ናቸው። እስኪ አንድ እርሾ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ዳባት፣ ሌላውን መተማ አቡኩበት። ጤፉ ያው፣ እርሾው ያው። መተማ ላይ ግን ሊጡ ቶሎ ይኮመጥጣል። እንጀራው አንድ ነው የሚል ባልትና የሚያውቅ ሰው አለ?

በጋኑ ውስጥም እንዲሁ ነው። የዘር መመሪያው (ዲኤንኤው) ባይለወጥም፣ ሴሉ አንቲቦዲው ላይ የሚለጥፋቸው ትንንሽ የስኳር ሰንሰለቶች እንደ አያያዙ ይለወጣሉ። ከምግቡ የሚወጣው አሞኒያ ሲጠራቀም የስኳር አለጣጠፉ ይጎድላል። ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር የሚለጥፈው ኢንዛይም ማንጋኒዝ ስለሚፈልግ፣ የዚህ ማዕድን መጠን እንኳ ውጤቱን ያንቀሳቅሳል። ሙቀቱን ከ37 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ማድረግም እንዲሁ።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። ሄርሴፕቲን የጡት ካንሰር አንቲቦዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የአገልግሎት ማብቂያቸው 2018 እና 2019 የሆኑ አንዳንድ ዙሮችን ከቀደሙት ጋር አነጻጸረ። የስኳር ሰንሰለቶቹ ተለውጠው፣ አንቲቦዲው የመከላከያ ሴሎችን ጠርቶ የካንሰሩን ሴል የማስገደል አቅሙም ቀንሶ ተገኘ። ስሙም ብልቃጡም ያው ነው።

አሁን ደግሞ ራሴን ልተች። የካንሰሩ መድኃኒት ሥራ ሌላ ሴል መጥራትን ይጨምራል፤ ስኳሩ ወሳኝ የሆነውም ለዚህ ነው። የመርዝ ማርከሻ ዋና ሥራ ግን መርዙን ይዞ ማምከን ስለሆነ፣ ያው የስኳር ለውጥ እዚህ የሚያመጣው ጉዳት በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ልዩነት አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ልዩነት ሁሌም አለ። ጥያቄው የትኛው ልዩነት በሽተኛውን ይጎዳል፣ እስከ ምን ድረስስ ይፈቀዳል የሚለው ነው። የሴል ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ ሙቀቱን፣ አሲዳማነቱን፣ ምግቡን መለካትና ማስተካከል ይቻላል። ፈረስን እንዲህ ማዘዝ አይቻልም።

ዜናው የዘለላቸው ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ የ2025ቱ ጥናት የተሞከረው በአይጦች ላይ፣ በኮብራና በማምባ ወገን 19 ዝርያዎች መርዝ ነው። እፉኝት ከእነዚህ ውስጥ የለችም። ሁለተኛ፣ ልዩነት የፋብሪካው በር ላይ አይቆምም። ብዙው ፈሳሽ ማርከሻ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የመተማ ሙቀት ደግሞ በበጋው መጨረሻ ከ40 ያልፋል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቆም አንቲቦዲው እርስ በርሱ ሊጣበቅና አቅሙን ሊያጣ ይችላል።

በእባብ የተነደፈ ሰው ሲመጣ ጤና ባለሙያው ጥቂት ደም በንጹሕ የመስታወት ቱቦ ቀድቶ 20 ደቂቃ ያቆመዋል። ካልረጋ፣ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ማርከሻው ከተሰጠ ከሰዓታት በኋላ ፈተናው ይደገማል። ያን ጊዜ ደሙ ከረጋ፣ ማርከሻው ሠርቷል።

እናንተም ቀጣዩን «ተአምረኛ» የማርከሻ ዜና ስታነቡ እንዲህ ጠይቁ፦ በየትኛው እባብ መርዝ ተሞከረ? ከዙር ዙር የተለካው ምንድን ነው? መተማ ሲደርስስ ምን ያህል ሙቀት ይችላል? ዜናው ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ የሰሊጥ አጫጁ ገና አልታሰበም።