የሥረኛው ፀጉር

የመንዝ በግ ሁለት ዓይነት ፀጉር አለው፤ ላይ ላዩን ረጅምና ሸካራ፣ ከሥሩ አጭርና ለስላሳ። ብዙ ሰው ላይ ላዩን ዳስሶ «ይህ ለባና እንጂ ለሹራብ አይሆንም» ይላል። እኔ ሹራቤን የምሠራው ከሥረኛው ነው።

በጎቼ የሚኖሩት ካራ ነው፣ የእንጦጦ ተራሮች ወደ ምሥራቅ በሚያዘቀዝቁበት። ከደብረ ብርሃንና ከሸኖ የተነሣ በግ ሾላ ገበያ የሚደርሰው በዚሁ በካራ በኩል ነው። ሌላው ገዢ ላቱን ይጨብጣል፣ ወገቡን ይዳስሳል። እኔ ትከሻው ላይ ያለውን ፀጉር ከፈል አድርጌ ሥሩን አያለሁ። ጎረቤቶቼ «ለፋሲካ ነው?» ይሉኛል። አይደለም፤ ዳለቻዋም ጥቁሯም ከእኔ ጋር የሚያረጁ ናቸው።

ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እምብዛም ስለማይበቅል ቀለባቸው ጭድና ፉርሽካ ነው። ጭዱን ዝቅ አድርጎ መስጠት ያስፈልጋል፤ ከፍ ካለ ገለባው አንገታቸው ላይ ይረግፋል፣ እሱን መልቀም ደግሞ ከመፍተሉ ይብሳል። ከመስከረም በኋላ ጨጎጎት ካለበት አላሰማራቸውም። የምሸልታቸው በሚያዝያ ነው፣ የክረምቱ ብርድ ሳይመጣ ጥቂት እንዲያበቅሉ።

የተሸለተውን ከሥሩ ጨብጬ ረጃጅሙን ጫፍ ስስብ ሸካራው ይወጣል፣ ለስላሳው እጄ ላይ ይቀራል። የሚቀረው ጥቂት ነው። የጥቁሯ ጫፍ ፀሐይ መትቶት ቀላ ይላል፤ ያንን ቀለም እወደዋለሁ፣ አልነክረውም።

ከባዱ ነገር ፈትሉ ነው። የሚፈትሉልኝ የመንዝ ተወላጅ እናት እንዝርታቸውን አጥብቀው ያሾራሉ።

«እማማ፣ ትንሽ ላላ ይበል።»

«የላላ ፈትል ይበጠሳል፣ ልጄ።»

ለሸማኔ እውነታቸውን ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ይመታል። ሹራብ ግን የሚያሞቀው ክሩ ውስጥ በሚታቈረው አየር ነው፤ የጠበቀ ፈትል አየር አይዝም። በዚያ ላይ የነጠላ ክር ሹራብ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ስለዚህ ሁለት ፈትል ከተፈተሉበት በተቃራኒ አዙሬ እገምዳቸዋለሁ፤ አንዱ የሌላውን ጥምዘዛ ያረግበዋል፣ ሹራቡም ቀጥ ይላል።

የደብረ ብርሃኑ የሱፍ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የመንዝን በግ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የማዳቀሉም ሥራ የተካሄደው በዚያው አካባቢ ነው። ክብደት ለሚፈልግ ገበሬ ዲቃላው ይጠቅማል። እኔ ግን የአገሩን በግ እንዳለ እፈልገዋለሁ፤ ጥቁሩ፣ ዳለቻው፣ ገብስማው ያለ ምንም ማቅለሚያ ሹራብ ላይ ጥለት ይሆናል።

ይህ ሹራብ በባዶ ገላ ይኮሰኩሳል፤ ከሸሚዝ በላይ ነው የሚለበሰው። ለኅዳር ውርጭ እሱን የሚያህል አላውቅም። ሲታጠብ በለብታ ውኃ ተዘፍዝፎ ሳይታሽ ይወጣል፤ ከታሸ ይኮማተራል። ውኃ ያዘለ ሹራብ ከተሰቀለ ስለሚንዘላዘል፣ ሰሌን ላይ ዘርግቼ በጥላ አደርቀዋለሁ።