የአንበርብር ሕመም በኃይሌ ገሪማ እጅ

የ«ጤዛ» ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣው አያስታውስም፤ ለእኛም ወዲያው አይነገረንም። «ጤዛ» ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው። ታሪኩ በቅደም ተከተል ቢሄድ ኖሮ እኛ ሁሉን አዋቂ፣ እሱ የሚታዘንለት በሽተኛ ሆኖ ይቀር ነበር። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጀው ፊልም መልሱን ወደ ማብቂያው ገፍቶ እኛንም ከአንበርብር ጋር ያደናግረናል።

አቆራረጡን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰውየው ከሐይቁ ዳር ሳለ ያለፈው ነገር ብልጭ ይላል፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሳያልቅ ይቋረጣል። ትዝታ ይሁን ቅዠት ለመለየት ጊዜ አናገኝም። ከባድ መከራ አእምሮውን የጎዳው ሰው የትናንቱን እንደ ትናንት ማሰብ ያቅተዋል፤ ዛሬ እንደገና ይደርስበታል። ሐኪም ይህን በቃል ያስረዳናል፤ «ጤዛ» ያስቀምሰናል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን የሰጠው በከንቱ አይደለም።

እናቱ ጠበል ታስወስደዋለች። ፊልሙ አይስቅባትም፤ ያላትን ሁሉ የምትሞክር እናት አድርጎ ያሳያታል። በመንደሩ የተገለለች አዛኑ የምትባል ሴት ደግሞ ምን ሆንክ ብላ ሳትመረምረው ትቀርበዋለች።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሆኖ ይህን ማየት ያማል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ ልጁን አዝሎ በእግሩ የወጣ፣ ከተመለሰም በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው በየሰፈሩ አለ። ጠበል ይግባ እንላለን፣ ዱዓ እናደርግለታለን፤ ሁለቱም ከፍቅር ነው። ግን «በቃ እርሳው» የምንለው ነገር አለ፤ እሱን ብንተወው እወዳለሁ። አንበርብር እኮ ረስቷል፤ መርሳቱ አላዳነውም። ማታ ማታ ያስጮኸዋል።

ወደ ፊልሙ ስንመለስ፣ በጀርመን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ክርክር ይረዝማል፤ እዚያ ላይ ፊልሙ ትዕግሥቱን ትቶ ንግግር ያበዛል። ቢሆንም የመጨረሻው ትዝታ ሲመጣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው በመስኮት ወርውረውታል። መጀመሪያ ላይ ብናየው ኖሮ አንድ ጥቃት የደረሰበት ስደተኛ ብለን ባለፍነው ነበር። አሁን ግን የእናቱን ቤት፣ የሌሊት ጩኸቱን፣ ዝምታውን እናውቃለን፤ የሚወድቀው የምናውቀው ሰው ነው።