ስለ ሥዕልና ስለ ፎቶግራፍ እርማት

በመንፈሳዊ መጽሔት ሥዕልና ፎቶግራፍ ጐን ለጐን ቢታተሙም ሥራቸው ለየብቻ ነው። የአገራችን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፤ ኃጥኡን ግን በጐን በአንድ ዓይን የሚሥለው፤ መልክን ሊመስል ሳይሆን ምሥጢርን ሊገልጥ ነው። ተመልካቹም ይህን ስለሚያውቅ አይታለልም። ፎቶግራፍ ግን ምስክር ነው፤ ምስክርም ጨምሮ ወይም አጕድሎ ቢናገር ሐሰተኛ ይባላል።

በብቸና አጠገብ ያለውን የድማ ጊዮርጊስን ሥዕል፤ ወይም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ምእት ዓመት ያሠሩትን የሞጣ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ለመጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ያስብ። ዛሬ በኮምፒዩተር የተላጠውን መሙላት፤ የደበዘዘውንም ማድመቅ ቀላል ሆኗል፤ ገጹም ያምራል። ነገር ግን ዝናብ ያበላሸውን ሥዕል ደኅና አስመስሎ ያሳየ መጽሔት፤ ለማሳደስ ሊረዳ የሚችለውን ምእመን እጁን ያስረዋል፤ ያልታየ ቍስል ሐኪም አያስጠራምና። ወደ ፊትም የሚመረምር ሊቅ፤ ትናንት የተጨመረውን መሥመር የጥንቱ ሠዓሊ እጅ ነው ብሎ ይሳሳታል።

እንግዲህ እርማት ሁሉ ይቅር አንልም። መቅደሱ ጨለማ ነውና ብርሃኑን ማስተካከል፤ በመስተዋቱ ላይ ያረፈውን ትቢያ ማጥፋት ተገቢ ነው። አራሚው የመሣሪያውን ጕድለት ያቅና፤ የቤቱን ጕዳት ግን አይሸፍን። ሙሉውን መልክ ለማሳየት የሚወድ አዘጋጅም ለሠዓሊ አሥሎ፤ «አዲስ ሥዕል» ብሎ ጽፎ በፎቶግራፉ አጠገብ ያትመው። ያን ጊዜ ሥዕሉም ያስተምራል፤ ፎቶግራፉም በእውነት ይመሰክራል።